ቨርጂኒያ አፕጋር፦ ከምጥ ሕመም ማስታገሻ እስከ ጨቅላ ሕፃናት መመዘኛ

ዶክተር ቨርጂኒያ አፕጋር (1909–1974) አሜሪካዊት የሰመመን ሐኪም ነበሩ። የሰመመን ሕክምና ራሱን የቻለ የሐኪም ሙያ ሆኖ ገና ባልታወቀበት ዘመን በኒውዮርክ በሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል ዘርፉን አደራጅተው መርተዋል፤ ለምጥ ሕመም የሚሰጥ ማደንዘዣ በሕፃኑ ላይ የሚያደርሰውን መርምረዋል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚለይበትን መመዘኛ አውጥተዋል። መመዘኛው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰመመን ከአፕጋር በፊት

ማደንዘዣ ከመገኘቱ በፊት ቀዶ ሕክምና ማለት በሽተኛውን ጥርቅም አድርጎ ይዞ መቁረጥ ነበር። የቀዶ ሐኪም ችሎታ የሚለካውም በፍጥነቱ ነበር። ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በቦስተን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ለአንድ በሽተኛ ኤተር አሽትቶ ቀዶ ሕክምናው ያለ ስቃይ ሲከናወን ሐኪሞች በዓይናቸው አዩ። በዓመቱ በስኮትላንድ ኤደንብራ ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን መጀመሪያ ኤተርን፣ ቀጥሎም ክሎሮፎርምን ምጥ ለያዛቸው ሴቶች መስጠት ጀመሩ። የምጥ ሕመም ከፈጣሪ የታዘዘ ነው የሚሉ ሰዎች ድርጊቱን ተቃወሙ። ይሁንና በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ሲወልዱ ሐኪሙ ጆን ስኖው ክሎሮፎርም ስለሰጧቸው ተቃውሞው ቀስ በቀስ ረገበ።

መድኃኒቱ ቢገኝም ባለሙያው ወዲያው አልተገኘም። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ማደንዘዣ የመስጠቱ ሥራ በነርሶች ላይ የወደቀ ነበር። ከእነዚህ መካከል በሚኒሶታ በማዮ ወንድማማቾች ሆስፒታል የሠሩት አሊስ ማጎ ከ14,000 በላይ በሽተኞችን በኤተርና በክሎሮፎርም አደንዝዘው በማደንዘዣው ምክንያት አንድም ሰው እንዳልሞተባቸው በ1906 ጽፈዋል። ነርሶቹ የተካኑ ቢሆኑም በቀዶ ሐኪሙ ትእዛዝ ሥር ነበሩ። ስለዚህ የማደንዘዣን ጠባይ፣ በሳንባና በልብ ላይ የሚያደርሰውን፣ መጠኑንና መዘዙን በጥናት የሚከታተል ሐኪም እምብዛም አልነበረም። በ1927 ራልፍ ዋተርስ በማዲሰን ከተማ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሰመመን ሕክምናን እንደ አንድ የትምህርት ዘርፍ ማስተማር ሲጀምሩ ሁኔታው መለወጥ ያዘ።

ልጅነትና ትምህርት

ቨርጂኒያ አፕጋር ጁን 7 ቀን 1909 በኒውጀርሲ ግዛት በዌስትፊልድ ከተማ ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጨረሻዋ ነበሩ። አባታቸው ቻርልስ አፕጋር መተዳደሪያቸው የኢንሹራንስ ሥራ ቢሆንም በትርፍ ሰዓታቸው ሬዲዮ የሚሠሩ፣ ከዋክብትን የሚመለከቱና ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰው ነበሩ። በ1915 በሎንግ አይላንድ ከሚገኝ ጀርመን ከሚያስተዳድረው የሬዲዮ ጣቢያ የሚተላለፉ መልእክቶችን ቀድተው ለመንግሥት በማቅረባቸው ስማቸው በአገሩ ተሰምቶ ነበር። በቤቱ ውስጥ ግን በሽታ ነበረ፤ አንደኛው ወንድም በሳንባ ነቀርሳ በልጅነቱ ሞተ፣ ሌላኛውም ሕመም የማይለየው ልጅ ነበር። ቨርጂኒያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ሐኪም ለመሆን ቆርጠው ነበር።

በማሳቹሴትስ በሚገኘው የማውንት ሆልዮክ የሴቶች ኮሌጅ የእንስሳት ሳይንስ አጠኑ። ገንዘብ ስላልነበራቸው በትርፍ ሰዓታቸው እየሠሩ ራሳቸውን ያስተምሩ ነበር፤ ከሥራዎቹ አንዱ ለኮሌጁ ቤተ ሙከራ ድመቶችን መያዝ ነበር። በ1929 ተመርቀው በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ ገቡ። ትምህርት በጀመሩ በጥቂት ሳምንታት የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወድቆ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ተከተለ። ከ90 ተማሪዎች ሴቶቹ 9 ብቻ ነበሩ። አፕጋር በ1933 ከክፍላቸው አራተኛ ሆነው ሲመረቁ ወደ 4,000 ዶላር ዕዳ ነበረባቸው፤ በዚያ የችግር ዘመን ይህ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ከቀዶ ሕክምና ወደ ሰመመን

የመጀመሪያ ምኞታቸው ቀዶ ሐኪም መሆን ነበር። በኮሎምቢያ ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል በታዋቂው ቀዶ ሐኪም አለን ዊፕል ሥር ልምምድ ጀምረው ብቃታቸውን አሳዩ። ዊፕል ግን ሌላ መንገድ እንዲይዙ መከሯቸው። ከእርሳቸው በፊት ያሠለጠኗቸው ሴት ቀዶ ሐኪሞች በሽተኛ አጥተው ኑሮ እንደከበዳቸው አይተዋል። በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምና ሊራመድ የሚችለው ሰመመን ሲራመድ ብቻ መሆኑን ተረድተው ነበር፤ ለዚህም ብርቱና ብልህ ሐኪም ይፈለግ ነበር። ምክሩ የሴትን ልጅ መንገድ የሚያጠብ ነበር። አፕጋር ግን የተቀበሉትን ሥራ እንደ ተረፈ ዕድል አላዩትም።

መጀመሪያ በዚያው ሆስፒታል ከነርሶቹ ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ተማሩ። ከዚያ ወደ ማዲሰን ሄደው ከራልፍ ዋተርስ፣ ቀጥለውም በኒውዮርክ በቤልቪው ሆስፒታል ከዋተርስ ደቀ መዝሙር ከኤመሪ ሮቨንስታይን ተማሩ። ሁለቱም ቦታዎች ለወንድ ሠልጣኞች እንጂ ለሴት ማደሪያ አላሰናዱም ነበርና በማዲሰን ቤት ለማግኘት ተቸገሩ፤ በቤልቪው ደግሞ በሠራተኞች ሰፈር አደሩ።

በ1938 ወደ ፕሬስቢቴሪያን ተመልሰው በቀዶ ሕክምና ክፍል ሥር የተቋቋመውን የሰመመን ዘርፍ በኃላፊነት ያዙ። በዚያ ሆስፒታል አንድን ዘርፍ በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሹመቱ የክብር ቢመስልም ሥራው ከባድ ነበር። ሐኪም ሆነው ማደንዘዣ የሚሰጡት ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት እርሳቸው ብቻ ነበሩ ለማለት ይቻላል። ማደንዘዣን የነርስ ሥራ አድርገው የለመዱ ቀዶ ሐኪሞች ከጎናቸው የቆመችውን ሐኪም እንደ እኩያ ለመቁጠር አልፈለጉም። ክፍያው ዝቅተኛ ስለነበር ሠልጣኝ ማግኘትም አስቸጋሪ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ሐኪሞቹ ወደ ግንባር ሄዱና ሸክሙ ጨመረ። አፕጋር ያን ሁሉ ተቋቁመው ለሕክምና ተማሪዎች ሰመመንን አስተማሩ፣ ወጣት ሐኪሞችን አሠለጠኑ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ሙያው በሆስፒታሉ ቦታውን አግኝቶ ነበር።

በ1949 ዘርፉ ራሱን ችሎ ክፍል ሆነ። መሠረቱን የጣሉት አፕጋር ቢሆኑም የክፍሉ ኃላፊነት ለኢማኑኤል ፓፐር ተሰጠ። በዚያው ዓመት አፕጋር ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በኮሎምቢያ የሕክምና ኮሌጅ ለዚህ ማዕረግ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በአደባባይ ሴት መሆናቸው እንዳላገዳቸው ይናገሩ ነበር። በሴትና በወንድ ሐኪም መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት ግን ያንገበግባቸው እንደነበር በቅርብ የሚያውቋቸው ያስታውሳሉ።

የምጥ ሕመምና ሁለቱ ነፍሳት

ከአስተዳደር ሥራ ነፃ የሆኑት አፕጋር ፊታቸውን ወደ ማዋለጃ ክፍል አዞሩ፤ ይህም የሆስፒታሉ አካል የሆነው የስሎን የሴቶች ሆስፒታል ነበር። በጊዜው የወላዶች ሰመመን ብዙ ሐኪም የማይመርጠው መስክ ነበር። ማንኛውም በሽተኛ ሲደነዝዝ የሚጠበቀው አንድ ነፍስ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት ግን ሁለት ነፍስ ናት። በደሟ የገባው መድኃኒት በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ ሊዘልቅ ይችላል።

ይህ ሥጋት ከየት እንደመጣ ለመረዳት የዘመኑን ልማድ ማየት ያስፈልጋል። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ሞርፊንና ስኮፖላሚን የተባሉ መድኃኒቶችን አቀላቅሎ ለምጥ መስጠት ተስፋፍቶ ነበር። ወላዷ ታንቀላፋለች፣ ስቃዩንም በኋላ አታስታውሰውም፤ ሕፃኑ ግን አንዳንድ ጊዜ ደንዝዞ፣ መተንፈስ ተስኖት ይወለዳል። ከ1930ዎቹ ወዲህ ደግሞ ሳይክሎፕሮፔን የተባለው ጋዝ ተወዳጅ ሆነ። ጋዙን ለሕክምና ካዋሉት ሰዎች መካከል የአፕጋር መምህር ራልፍ ዋተርስ አሉበት። በፍጥነት ያደነዝዛል፣ የእናቲቱን የደም ግፊት አያወርድም፤ ስለዚህ ለወላድ የተመቸ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። አፕጋርም ይመርጡት ነበር።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ የሕፃናት ሞት በአጠቃላይ እየቀነሰ ሲሄድ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ቁጥር ግን ፈቀቅ አላለም ነበር። አንዱ ምክንያት በማዋለጃ ክፍሉ የሥራ ክፍፍል ውስጥ ነበር። ሐኪሙና ነርሶቹ ትኩረታቸው እናቲቱ ላይ ነው፤ ደም መፍሰሱን ይገታሉ፣ የእንግዴ ልጁን መውጣት ይጠብቃሉ። ሕፃኑ ካለቀሰ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ካላለቀሰ ደግሞ አንዱ በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፣ ሌላው ራሱ ይነቃል ብሎ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ተስፋ የለውም ብሎ ይተወዋል። ሁሉም የሚስማሙበት መለኪያ አልነበረም።

አምስቱ ምልክቶች

ሲነገር እንደቆየው በ1949 አንድ ጠዋት አፕጋር በሆስፒታሉ የምግብ አዳራሽ ቁርስ ላይ ሳሉ አንድ የሕክምና ተማሪ አዲስ የተወለደ ሕፃን ሁኔታ እንዴት እንደሚመዘን ጠየቃቸው። እርሳቸውም በአቅራቢያቸው ባገኙት ወረቀት ላይ አምስት ነጥቦችን ጫር ጫር አደረጉና ሊሞክሩት ወደ ማዋለጃ ክፍል ገሰገሱ። ምልክቶቹ ከሰማይ የወረዱ አልነበሩም፤ ሰመመን ሰጪ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ በደነዘዘ ሰው ዘንድ ዘወትር የሚከታተላቸው ናቸው። አዲሱ ነገር እነዚህን ለሕፃን መዋላቸውና በቁጥር መቀመጣቸው ነው።

እያንዳንዱ ምልክት 0፣ 1 ወይም 2 ነጥብ ያገኛል፤ ድምሩ ከ10 ይታሰባል።

የመጀመሪያው የልብ ምት ነው። ምት ከሌለ 0፣ በደቂቃ ከ100 በታች ከሆነ 1፣ ከ100 በላይ ከሆነ 2 ይሰጣል። ሕፃኑ ላይ መሣሪያ ሳይደረግም እትብቱን ከእምብርት ጥቂት ራቅ ብሎ በጣት በመያዝ ምቱን መቁጠር ይቻላል። አፕጋር ከአምስቱ ሁሉ ክብደት የሰጡት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አተነፋፈስ ነው። የማይተነፍስ ሕፃን 0፣ እያቋረጠ ወይም በደካማ ሁኔታ የሚተነፍስ 1፣ በደንብ ተንፍሶ ጮክ ብሎ የሚያለቅስ 2 ያገኛል። ሦስተኛው ሕፃኑ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ ነው። አፍንጫውና አፉ በስስ የጎማ ቱቦ ሲጠረግ ዝም ካለ 0፣ ፊቱን ከቋጠረ 1፣ ካለቀሰ፣ ካሳለ ወይም ካስነጠሰ 2 ነው። አራተኛው የጡንቻ ጥንካሬ ነው። እጅና እግሩ የዛለ ሕፃን 0፣ በመጠኑ የሚያጥፍ 1፣ የሚወራጭ 2 ያገኛል።

አምስተኛው የሰውነት ቀለም ነው። መላ አካሉ የጠቆረ ወይም የገረጣ 0፣ ገላው ደም መስሎ እጅና እግሩ ብቻ የጠቆረ 1፣ ሁለንተናው ደም የመሰለ 2 ይሰጠዋል። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ መጥቆሩ ስለማይቀር አፕጋር ራሳቸው ይህ ምልክት ከአምስቱ ደካማው መሆኑን ጽፈዋል። ቆዳው ጠየም ባለ ሕፃን ደግሞ ባለሙያው የሚያየው ምላሱንና ከንፈሩን፣ መዳፉንና የውስጥ እግሩን ነው።

ጊዜውም ተወስኖ ተቀመጠ። ነጥቡ የሚሰጠው ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ በወጣ በ60ኛው ሰከንድ ነው፤ ከጊዜ በኋላ የ5ኛው ደቂቃ ምዘና ተጨመረ። አንድ ሌላ ደንብም አለ። ነጥቡን የሚሰጠው ሰው ያዋለደው ባለሙያ ባይሆን ይመረጣል። ያዋለደ ሰው ለእጁ ሥራ ያዳላል፤ ሳይታወቀውም ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል።

አፕጋር መመዘኛውን በ1952 ለሰመመን ሐኪሞች ጉባኤ አቀረቡት፣ በ1953 በሙያው መጽሔት አሳተሙት። ጽሑፉ ከአንድ ሺህ በላይ ሕፃናት በተሰጣቸው ነጥብ ላይ የቆመ ነበር። ከፍተኛ ነጥብ ካገኙት ሕፃናት የሞቱት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ 0፣ 1 ወይም 2 ካገኙት ጊዜያቸውን ጠብቀው ከተወለዱ ሕፃናት ግን 14 በመቶው ሞተዋል። በቀዶ ሕክምና ከተወለዱትም መካከል እናታቸው በጀርባ በሚሰጥ መርፌ የደነዘዘችላቸው ሕፃናት ሙሉ ሰመመን ከወሰደች እናት ከተወለዱት የተሻለ ነጥብ አገኙ። አንድ ሰዓት ቆጣሪና አንድ ጥንቁቅ ዓይን ብቻ የሚጠይቅ መሣሪያ በየሰመመኑ ዓይነት መካከል ያለውን ልዩነት አጋለጠ።

ማስረጃው ሲመጣ

መመዘኛው እንዲታመን ነጥቡ በሕፃኑ ደም ውስጥ ከሚታየው ጋር መመሳከር ነበረበት። በዚህ ሥራ ሁለት ሐኪሞች አገዟቸው፤ አንዱ የሰመመን ተመራማሪው ደንካን ሆላደይ፣ ሌላው ከኒውዚላንድ የመጡት የሕፃናት ሐኪም ስታንሊ ጄምስ ነበሩ። ከእትብት ደም እየቀዱ የኦክስጅኑንና የአሲዱን መጠን ለኩ። ነጥባቸው ዝቅተኛ የሆነ ሕፃናት ደማቸው ኦክስጅን ያነሰውና አሲድ የበዛበት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት ብዙ ሐኪሞች ሕፃን ሲወለድ ኦክስጅን ማጣቱ የተለመደ ነው፣ ይችለዋል ብለው ያምኑ ነበር። ውጤቱ ያን እምነት አፈረሰው፤ ደካማ ሕፃን ራሱ እስኪነቃ መጠበቅ እንደማይገባ፣ ወዲያው አየር ሊሰጠውና ሊሞቅ እንደሚገባ ግልጽ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው ምርመራ የራሳቸውን ምርጫ የሚመለከት ነበር። ለእናቲቱ የተሰጠው ሳይክሎፕሮፔን በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ሕፃኑ ደም እንደሚገባና ሕፃኑን እንደሚያደነዝዝ ታወቀ፤ ጥናቱም በ1957 ታተመ። አፕጋር ይወዱት የነበረውን ጋዝ በማዋለጃ ክፍል ተዉት፤ ሌሎችም ተከተሉ። የምጥ ሕመም ማስታገስ አልቀረም። እናቲቱን ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዙ ዘዴዎች እየተመረጡ ሄዱ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ለምጥ የሚሰጠው የጀርባ መርፌ የዚያ ጉዞ ውጤት ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዴንቨሩ የሕፃናት ሐኪም ጆሴፍ በተርፊልድ ለተማሪ እንዲቀል አምስቱን ምልክቶች በአፕጋር ስም የእንግሊዝኛ ፊደላት በሚጀምሩ ቃላት አቀናጁ። በዚያው ዐሥርት በ12 የአሜሪካ ተቋማት 17,221 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት በተለይ የ5ኛው ደቂቃ ነጥብ ስለ ሕፃኑ በሕይወት መቆየት ጥሩ ጠቋሚ መሆኑን አረጋገጠ።

ከማዋለጃ ክፍል ወደ ሕዝብ ጤና

በ50 ዓመታቸው፣ ሌላ ሰው ከትምህርት በራቀበት ዕድሜ፣ አፕጋር እንደገና ተማሪ ሆነው በ1959 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ። ወደ ኮሎምቢያ ግን አልተመለሱም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1938 ፖሊዮን ለመዋጋት ያቋቋሙት፣ በኋላ ማርች ኦፍ ዳይምስ የተባለው ድርጅት የፖሊዮ ክትባት ከተገኘ ወዲህ ፊቱን ከልደት ጋር ወደሚመጡ የአካል ጉድለቶች አዙሮ ነበር፤ የዚህን ዘርፍ ኃላፊነት ተረከቡ።

ወቅቱ ፈታኝ ነበር። ታሊዶማይድ የተባለው የማስታገሻ መድኃኒት በብዙ አገሮች እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናት እንዲወለዱ ምክንያት ሆኖ በ1961 መጨረሻ ከገበያ መውጣት ጀመረ። በ1964 እና 1965 ደግሞ በአሜሪካ የጀርመን ኩፍኝ የሚባለው ሩቤላ ተዛምቶ 20,000 ያህል ሕፃናት ከእናታቸው ማኅፀን ጉዳቱን ይዘው ተወለዱ። አፕጋር ከከተማ ከተማ እየዞሩ ለእናቶች፣ ለሐኪሞችና ለባለሥልጣናት ተናገሩ፤ የሩቤላ ክትባት እንዲዳረስም ወተወቱ። በዚያ ዘመን ቤተሰብ ጉድለት ያለበትን ልጅ ደብቆ ማሳደግ የተለመደ ነበር፤ እርሳቸው ጉዳዩን በግልጽ የሚነገርበት አደረጉት። በ1972 ከጋዜጠኛዋ ጆአን ቤክ ጋር ለወላጆች የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ።

ከሥራ ውጪ ሙዚቃ የሕይወታቸው አካል ነበር። በሄዱበት ሁሉ ቫዮሊናቸውን ይዘው ይጓዙ ነበር፤ መሣሪያ ከሚሠሩት ከካርሊን ሃቺንስ ጋር ሆነውም የራሳቸውን ባለ አውታር መሣሪያዎች በእጃቸው ሠርተዋል። የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ደግሞ ሰንጢና የመተንፈሻ ቱቦ አይጠፋም ነበር፤ በመንገድ ላይ መተንፈስ ያቃተው ሰው ቢገጥማቸው ለመድረስ ነው።

ኦገስት 7 ቀን 1974 በተማሩበትና በሠሩበት በኮሎምቢያ ፕሬስቢቴሪያን ሆስፒታል በጉበት በሽታ በ65 ዓመታቸው አረፉ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ1994 ምስላቸውን የያዘ ቴምብር አወጣ፤ በተከታዩ ዓመትም ስማቸው በአገሪቱ የታላላቅ ሴቶች መዘክር ተመዘገበ።

መመዘኛው ዛሬ

ከሰባ ዓመት በኋላም መመዘኛው በሥራ ላይ ነው። በኢትዮጵያ በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ማዋለጃ ክፍሎች አዋላጅ ባለሙያዋ የመጀመሪያውንና የአምስተኛውን ደቂቃ ነጥብ ትመዘግባለች። ነጥቡ ከ7 በታች ከሆነ በየአምስት ደቂቃው እስከ 20ኛው ደቂቃ እየተደገመ ይታያል።

ልኩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳይታፈንም ጡንቻው የላላ፣ ምላሹም የደከመ ስለሆነ ነጥቡ ዝቅ ሊል ይችላል። የአንደኛው ደቂቃ ነጥብ ብቻውን ሕፃኑ ወደፊት ጤናማ ወይም ጎበዝ መሆን አለመሆኑን አይናገርም። ዋናው ጥንቃቄ ደግሞ የማይተነፍስ ሕፃንን ለመርዳት ነጥብ እስኪሰጥ አለመጠበቅ ነው፤ እርዳታው ከመጀመሪያው ደቂቃ በፊት መጀመር አለበት፣ ነጥቡ የሚያሳየው ሕፃኑ ለእርዳታው የሰጠውን ምላሽ ነው።

በኢትዮጵያም እንደ ቀድሞዋ አሜሪካ አብዛኛውን ማደንዘዣ የሚሰጡት በሙያው የሠለጠኑ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች ናቸው። የአፕጋር ሥራ ለእነርሱም ሆነ ለአዋላጆች የቀረበ ነው፤ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፣ ማዕረግም አይጠይቅም። የሚጠይቀው በተወሰነው ደቂቃ ሰዓት ማየት፣ ሕፃኑን መመልከትና ያዩትን ብቻ መጻፍ ነው። ካርድ ለመሙላት ሲባል ሳይታይ የሚጻፍ 9 ወይም 10 ለሕፃኑም ለእናቲቱም አይጠቅምም። ማዋለጃ ክፍል የሚገቡ ባለሙያዎች ሁሉ ይህን መመዘኛ አፕጋር በሠሩበት ጥንቃቄ ሊጠቀሙበት ይገባል።